5.9 ሚሊዮኑ እንዴት 29.8 ሚሊዮን ሆነ? የቦቢ ቦኒያ ውል እና የኦታኒ 700 ሚሊዮን

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የቤዝቦል ክለቡ ኒውዮርክ ሜትስ ቦቢ ቦኒያ ለሚባል፣ ከ2001 ወዲህ ላልተጫወተ ሰው በየዓመቱ ጁላይ 1 ቀን 1.19 ሚሊዮን ዶላር ይከፍላል፤ እስከ 2035 ድረስ። መጀመሪያ የነበረበት ዕዳ ግን 5.9 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ይህ በቤዝቦል ታሪክ ትልቁ ቂልነት ነው የሚባለው እውነት ነው? የዶጀርስ ክለብ ተጫዋች የሾሄይ ኦታኒ የ700 ሚሊዮን ዶላር ውልስ ከዚህ በምን ይለያል?»

ቂልነት አይደለም፤ ቢያንስ ሰው በሚስቅበት ምክንያት አይደለም። ከ29.8 ሚሊዮን ላይ 5.9 ቀንሶ «ሜትስ 24 ሚሊዮን ተበላ» ማለት የ2000ን ዶላርና የ2035ን ዶላር እኩል አድርጎ መቁጠር ነው። የዚህ ዓይነት ውል የሚመዘነው በሦስት ነገር ነው፦ ዋናው ገንዘብ ስንት ነው፣ ወለዱ ስንት ነው፣ ክፍያው መቼ ጀምሮ መቼ ያበቃል። ጠቅላላ ድምሩ ለጋዜጣ ርዕስ ይመቻል እንጂ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። ቦኒያ በዲሴምበር 1991 ከሜትስ ጋር የ5 ዓመት፣ 29 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ ነበር፤ በጊዜው በቡድን ስፖርት ከፍተኛው ነበር። 29 እና 29.8 ስለሚቀራረቡ ብዙ ሰው አሁን የሚከፈለው የዚያ ውል ቀሪ ይመስለዋል። አይደለም። ያኛው ውል ሳያልቅ በ1995 ወደ ባልቲሞር ኦሪዮልስ ተሸጠ። ለ1997 ፍሎሪዳ ማርሊንስ በ4 ዓመት 23.3 ሚሊዮን አስፈረመው፤ እዚያም የሊጉን ዋንጫ፣ ዎርልድ ሲሪስን፣ አሸነፈ። ማርሊንስ ዋንጫውን ባነሳ ማግስት ውድ ተጫዋቾቹን ሲበትን ቦኒያ በሜይ 1998 ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሄደ። ማይክ ፒያዛ ከዶጀርስ የወጣበት ያ ትልቅ ዝውውር ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሜትስ ወርዋሪውን ሜል ሮሃስን ሰጥቶ ቦኒያን መልሶ ወሰደ። ስለዚህ የ5.9 ሚሊዮኑ ዕዳ ሜትስ ራሱ የጻፈው ሳይሆን የማርሊንስ ውል የመጨረሻ ዓመት ነው፤ ከተጫዋቹ ጋር ተያይዞ መጣ። የሌላ ክለብ ተጫዋች ሲወሰድ የሌላ ክለብ ፊርማም አብሮ ይወሰዳል።

የ1999 ወቅት አልሆነለትም። በ60 ጨዋታ .160 መታ (ከመቶ ሙከራ 16 ብቻ የተሳካ ማለት ነው)፣ ሆምረኑ፣ ማለትም ከሜዳ ያወጣው ኳስ፣ 4 ብቻ። ከአሰልጣኙ ቦቢ ቫለንታይን ጋርም አልተስማማም። ክለቡ ሊያሰናብተው ፈለገ፤ ግን የ2000 ደመወዙ ዋስትና ያለው ነው፤ ተጫወተም አልተጫወተም 5.9 ሚሊዮኑ ይከፈላል። እዚህ ላይ ወኪሉ ዴኒስ ጊልበርት ገባ። ጊልበርት የሕይወት ኢንሹራንስ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ዓመታዊ አበል ማለት ለእሱ የዕለት እንጀራው ነበር። ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነው፦ አሁን ምንም አትክፈሉ፤ ገንዘቡ በ8 በመቶ ይቀመጥ፤ ከ2011 ጀምሮ ለ25 ዓመት በእኩል ክፍያ ስጡን። ሜትስ በጃንዋሪ 2000 አሰናበተው።

ስሌቱን እስክሪብቶ ይዘው መከተል ይችላሉ፤ እስከ ሳንቲሙ ይገጥማል። 5,900,000 ዶላር ከጁላይ 2000 ጀምሮ በ8 በመቶ ወለድ ወለድ እየወለደ 10 ዓመት ቢቀመጥ፣ የሚባዛው በ2.158925 ነው። ጁላይ 2010 ላይ 12,737,657 ዶላር ግድም ደርሷል። ይህን ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ በ25 እኩል ዓመታዊ ክፍያ ለመጨረስ፣ በዚያው 8 በመቶ፣ የሚካፈለው ለ10.674776 ነው። ውጤቱ 1,193,248 ከ20 ሳንቲም። በየዓመቱ ጁላይ 1 (በእኛ ሰኔ 24) የሚወጣው ቼክ ይህ ነው። ሃያ አምስቱ ሲደመሩ 29,831,205 ዶላር ይሆናሉ።

እዚህ ትንሽ ቆም ብለው የመጀመሪያውን ቼክ ውስጡን ይዩት። ጁላይ 2010 ላይ በነበረው 12.74 ሚሊዮን ላይ የአንድ ዓመት ወለድ ብቻ 1,019,013 ዶላር ነው። ቼኩ 1,193,248። ስለዚህ በ2011 ከዋናው ዕዳ የተቀነሰው 174,000 ዶላር ግድም ብቻ ነበር፤ ቀሪው ሁሉ ወለድ ነው። ቤት በሞርጌጅ የገዛ ሰው ይህን መልክ ያውቀዋል፦ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይከፍላሉ፣ ይከፍላሉ፣ ዕዳው ግን ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነገሩ ይገለበጣል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ 8 በመቶ ብዙ ነበር ወይ የሚለው ነው። በጃንዋሪ 2000 የአሜሪካ ባንኮች ለጥሩ ደንበኞቻቸው የሚያበድሩበት መነሻ ወለድ፣ ፕራይም ሬት፣ 8.5 በመቶ ነበር። ስለዚህ ሜትስ ከቦኒያ የተበደረው ከባንክ መነሻ ዋጋ በታች ነው። በዚያን ቀን ወረቀቱን ያየ የሒሳብ ሰው አይስቅበትም ነበር። ችግሩ ወለዱ ለ35 ዓመት መቆለፉ ነው። የገበያው ወለድ በኋላ ሲወርድ ከባንክ የተበደረ ሰው ዕዳውን በርካሽ ብድር ይተካል፤ ይህ ውል ግን እንዲህ ያለ መውጫ አልተበጀለትም።

ያንኑ ውል በተለያየ መነጽር ሲያዩት ዋጋው ምን ያህል እንደሚለዋወጥ እነሆ። ሜትስ ያልከፈለውን ገንዘብ በ10 በመቶ ማትረፍ ቢችል፣ የ25ቱ ክፍያዎች የ2000 ዋጋ 4.18 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ማለትም ክለቡ 1.7 ሚሊዮን አትርፏል። በ12 በመቶ ከሆነ 3 ሚሊዮን፤ ግማሽ ዋጋ ማለት ነው። በ5 በመቶ ከሆነ ግን 10.3 ሚሊዮን ያወጣል። ድምሩ 29.8 በሦስቱም ላይ አልተነካም። ተጫዋቹን «ብልጥ»፣ ክለቡን «ቂል» የሚያደርገው አንዱ ቁጥር ይህ የማትረፊያ መጠን ነው።

ታዲያ ባለቤቶቹ ከ10 በመቶ በላይ እናተርፋለን ብለው ለምን አሰቡ? ፍሬድ ዊልፖንና ቤተሰቡ ገንዘባቸውን የሰው ገንዘብ ያስተዳድር ከነበረው በርናርድ ሜዶፍ ጋር ያስቀምጡ ነበር። የሜዶፍ ወረቀት በየዓመቱ ሳይዛነፍ ከፍ ያለ ትርፍ ያሳያል፤ 8 ከፍሎ ያንን ማግኘት በነጻ የተገኘ ገንዘብ ይመስላል። በዲሴምበር 2008 ሜዶፍ ሲያዝ ትርፉ በወረቀት ላይ ብቻ የነበረ መሆኑ ታወቀ። በ2012 የዊልፖን ወገን ከተጎጂዎቹ ንብረት አስመላሽ ጋር በ162 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ስለዚህ ሰው የሚሳሳቀው በተሳሳተው ወረቀት ላይ ነው ባይ ነኝ። የቦኒያ ውል መደበኛ ብድር ነው፤ አስቂኙም አሳዛኙም በሌላኛው በኩል የነበረው ተቀማጭ ነው።

በተቃራኒው ቦኒያ ያገኘውን ጥቅም ማሳነስም አይገባም። ከ2000 እስከ 2009 ባለው ዐሥር ዓመት የአሜሪካ ትልልቅ አክሲዮኖች በጥቅሉ ምንም አላተረፉም፤ እንዲያውም ትንሽ ከሰሩ። በዚያ ወቅት ቁርጥ 8 በመቶ የሚወልድ ገንዘብ ማግኘት ዕድል ነው። ነገር ግን ቼኩ ከዋጋ ንረት ጋር አያድግም። በ2000 የትልቁ ሊግ ዝቅተኛ ደመወዝ 200,000 ዶላር ነበር፤ 1.19 ሚሊዮን ማለት የስድስት ጀማሪ ተጫዋች ደመወዝ ያህል። በ2025 ዝቅተኛው 760,000 ደርሷል፤ ያው ቼክ አሁን የአንድ ተኩል ጀማሪ ነው። ሜትስ በዲሴምበር 2024 ሁዋን ሶቶን በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን አስፈርሟል፤ በአማካይ በዓመት 51 ሚሊዮን። ከዚህ አጠገብ የቦኒያ ቼክ የሜዳ ሣር ማጠጫ ወጪ ይመስላል። የሚገርመው፣ በዚህ ነገር ስሙ የጠፋው ክለብ ለሶቶ አንድ ዶላር እንኳ ወደፊት አላስተላለፈም።

ስለ ቦኒያ ሲወራ ሁልጊዜ የሚዘነጋ ሌላም ክፍያ አለ። ከቀድሞ ውሎቹ የተላለፈ፣ ከ2004 ጀምሮ ለ25 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ዶላር ያገኛል፤ ሜትስና ኦሪዮልስ ያሉበት ነው። ወርዋሪው ብሬት ሴበርሄገንም እንዲሁ ከሜትስ በዓመት 250,000 ዶላር እስከ 2028 ይቆረጥለታል። ኬን ግሪፊ ጁኒየር በ2000 ወደ ሲንሲናቲ ሬድስ ሲዛወር ከ116.5 ሚሊዮኑ 57.5 ሚሊዮኑን በ4 በመቶ ወለድ አስተላልፎ እስከ 2024 ድረስ በዓመት 3.6 ሚሊዮን ግድም ሲቀበል ኖሯል። የእሱ ዓመታዊ ቼክ ከቦኒያ ሦስት እጥፍ ነበር፤ ግን ጁላይ 1ን «የቦኒያ ቀን» እንደሚሉት ማንም «የግሪፊ ቀን» ብሎ አላከበረም። ግሪፊ ግሪፊ ስለሆነ ይመስለኛል።

ዘዴው ራሱ ከነሱ ሁሉ ይቀድማል፤ እንዲያውም የዛሬው የተጫዋች ነጻነት የጀመረው ከአንድ ያልተከፈለ የተላለፈ ክፍያ ነው። የኦክላንዱ ወርዋሪ ካትፊሽ ሀንተር በ1974 ከተወሰነለት 100,000 ዶላር ውስጥ ግማሹ ለኢንሹራንስ ኩባንያ ገብቶ በኋላ በአበል መልክ እንዲመለስለት በውሉ ተጽፎ ነበር። የክለቡ ባለቤት ቻርሊ ፊንሊ ይህ ለራሱ የግብር ጥቅም እንደማይሰጥ ሲያውቅ 50,000ውን አልከፍልም አለ። ግልግል ዳኛው ፒተር ሳይትስ «ውሉ ፈርሷል፤ ተጫዋቹ ነጻ ነው» ብሎ በዲሴምበር 1974 ፈረደ። ሀንተር በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ከያንኪስ ጋር ለ5 ዓመት ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረመ። በዓመቱ ደግሞ ያው ሳይትስ በአንዲ ሜሰርስሚዝና በዴቭ ማክናሊ ጉዳይ ክለቦች ተጫዋችን ዕድሜ ልክ የሚይዙበትን አንቀጽ ትርጉም አሳጣው። አንድ ሀብታም 50,000 ዶላር ቆጠብኩ ብሎ ሊጉን በሙሉ ያስከፈለበት ነው።

ወደ ኦታኒ እንምጣ። በዲሴምበር 2023 ከዶጀርስ ጋር የፈረመው 10 ዓመት፣ 700 ሚሊዮን ነው። ከ2024 እስከ 2033 በዓመት የሚወስደው 2 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ 680 ሚሊዮኑ ከጁላይ 1 ቀን 2034 እስከ 2043 በዓመት 68 ሚሊዮን ሆኖ ይከፈላል። ወለድ የለውም። ከቦኒያ ጋር ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ በእኛ አነጋገር የቦኒያ ውል የባንክ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ነው፣ የኦታኒ ግን የመጨረሻውን ዕጣ በፈቃዱ የወሰደ ዕቁብተኛ ይመስላል፦ ያስገባውን ያገኛል፣ ጭማሪ የለውም። የቦኒያ 5.9 በወረቀት ላይ ወደ 29.8 አደገ፤ የኦታኒ 700 ደግሞ በተቃራኒው ወደ ታች ተቀንሶ መነበብ አለበት።

ቅነሳው እንዲህ ነው። ሊጉ ለቅንጦት ግብር (የደመወዝ ድምሩ ከተወሰነ ጣሪያ ያለፈ ክለብ ለሚከፍለው) ሲያሰላ የወሰደው ቅናሽ 4.43 በመቶ ነው። የአንዱ ዓመት 68 ሚሊዮን የሚከፈለው በዐሥር ዓመቱ ስለሆነ ለ1.5426 ይካፈላል፤ 44 ሚሊዮን ግድም ይሆናል። 2 ሚሊዮኑን ጨምሩ፤ 46 ሚሊዮን። ስለዚህ የውሉ እውነተኛ ዋጋ 460 ሚሊዮን አካባቢ ነው። የተጫዋቾች ማኅበር በራሱ መለኪያ ወደ 438 ሚሊዮን አውርዶታል። ለመዝናናት ያህል በቦኒያ 8 በመቶ ቢመዘን ዓመታዊው 33.5 ሚሊዮን ላይ ይወድቃል። 700 የሚለው ቁጥር ርዕስ ነው።

ዶጀርስ ምን አገኘ? በግብሩ መዝገብ ላይ 70 ሳይሆን 46 ሚሊዮን ይጻፋል። ለተከታታይ ዓመታት ጣሪያውን ለሚያልፍ ክለብ የላይኛው እርከን ግብር 110 በመቶ ነው፤ ልዩነቱ 24 ሚሊዮን ሙሉ በሙሉ በዚያ እርከን ላይ ቢወድቅ በዓመት 26.4 ሚሊዮን ግብር ይቀራል። ሆኖም ዶጀርስ ይህን ያህል የቆጠበው ውሉ በእርግጥ 70 ሚሊዮን የሚያወጣ ቢሆን ነበር፤ ክፍያው ባይተላለፍ ደግሞ ማንም 70 አይሰጥም። «ሕጉን አታለሉ» የሚለው ክስ ላይ እኔ የማልስማማው በዚህ ምክንያት ነው።

ኦታኒስ? ከሜዳ ውጭ ከማስታወቂያ የሚያገኘው በጣም ብዙ ስለሆነ 2 ሚሊዮኑ አይጎዳውም። ሌላው የግዛት ግብር ነው። በ1996 የወጣ የፌደራል ሕግ ቢያንስ ለ10 ዓመት በእኩል መጠን የሚከፈልን የጡረታ ዓይነት ገቢ የሚቀረጠው ተቀባዩ ያኔ የሚኖርበት ግዛት እንጂ ገንዘቡ የተሠራበት እንዳልሆነ ይደነግጋል። የካሊፎርኒያ ከፍተኛ የገቢ ግብር 13.3 በመቶ ነው። በ2034 ኦታኒ ሌላ ቦታ ከኖረ ካሊፎርኒያ ዓይኗ እያየ ያልፋታል፤ የግዛቲቱ የገንዘብ ተቆጣጣሪ ማሊያ ኮኸን ውሉ በተፈረመ በወሩ ኮንግረስ ሕጉን እንዲያስተካክል መጠየቃቸው ለዚህ ነው። ክፍያው ዘጠኝ ሳይሆን በትክክል ዐሥር ዓመት የሆነው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

«ክለቡ ቢከስርስ?» ለሚለው፤ የተላለፈ ደመወዝ ያለው ተጫዋች በመሠረቱ መያዣ የሌለው ባለገንዘብ ነው። ገንዘቡ በስሙ ተለይቶ ቢቀመጥለት ግብሩ ወዲያው ይጠየቃል። ስለዚህ ማዘግየትና መያዣ ባንድ ላይ አይገኙም። ይህን አደጋ ሊጉ የተማረው ከአሪዞና ዳይመንድባክስ ነው፤ በ2001 ዎርልድ ሲሪስን ያሸነፈው ቡድን የተገነባው ብዙ ደመወዝ ወደፊት በመግፋት ነበር፣ ዕዳው ሲደርስ ክለቡ ተንገዳገደ፣ መሥራቹ ጄሪ ኮላንጄሎም በ2004 ከሥልጣን ወረደ። አሁን ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር በተፈራረሙት የኅብረት ስምምነት መሠረት ክለብ ለአንድ ወቅት የተላለፈውን ክፍያ የዛሬ ዋጋ ከወቅቱ በኋላ ባለው ሁለተኛ ጁላይ 1 መድቦ መገኘት አለበት። ለኦታኒ የ2024 ወቅት ይህ ማለት በጁላይ 1 ቀን 2026፣ 44 ሚሊዮን አካባቢ። ዶጀርስ 680 ሚሊዮኑን ለልጅ ልጆቹ ትቶ ሄደ የሚለው ወሬ ስለዚህ ልክ አይደለም።

ዋሽንግተን ዙሪያ ያላችሁ የናሽናልስ ደጋፊዎች ሌላውን ትምህርት በራሳችሁ ክለብ አይታችኋል። ማክስ ሸርዘር በ2015 በ7 ዓመት 210 ሚሊዮን ፈረመ፤ ግማሹ፣ 105 ሚሊዮን፣ ከ2022 እስከ 2028 በዓመት 15 ሚሊዮን ሆኖ ይከፈላል። በጁላይ 2021 ከትሬይ ተርነር ጋር ወደ ዶጀርስ ተላከ፤ 15 ሚሊዮኑ ግን ዋሽንግተን ቀረ። ዝውውር ሲነበብ «ማን ሄደ» ብቻ ሳይሆን «የተላለፈው ክፍያ ማን ላይ ቀረ» መጠየቅ አለበት። ባልቲሞርም የክሪስ ዴቪስን 42 ሚሊዮን እስከ 2037 ይከፍላል፤ ሰውየው በ2021 ጫማውን ሰቅሏል። የኔ ፍርድ፣ ከቦኒያ ይልቅ መሳቂያ የሚሆነው ይህ ነው። የዴቪስ 161 ሚሊዮን ዋናው ራሱ ከመጀመሪያው በዝቶ ነበር፣ ማዘግየቱ የጎዳው የለም።

የቦኒያን ዓይነት ውል ዛሬ መድገም ይቻላል ወይ ብለው ቢያስቡ፣ ቀላል አይደለም። በ2004 የወጣ የግብር ሕግ ደመወዝ የሚዘገየው ሥራው ከመሠራቱ በፊት ተወስኖ እንዲሆን ያስገድዳል፤ አንዴ የተቀጠረን ክፍያ ዳግም መግፋት የሚቻለው ደግሞ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ ተነግሮ፣ ቢያንስ 5 ዓመት ከተራዘመ ነው። ስለዚህ አሁን ማዘግየቱ የሚጻፈው በመጀመሪያው ፊርማ ላይ ነው፤ ተጫዋቹን ማሰናበት ሲፈለግ በጥር ቀዝቃዛ ቀን የሚደራደሩበት ነገር መሆኑ ቀርቷል።

የቦኒያ የመጨረሻ ቼክ የሚጻፈው ጁላይ 1 ቀን 2035 ነው፤ ያኔ 72 ዓመቱ ይሆናል። በዚያ ቼክ ውስጥ ወለዱ 88,000 ዶላር ግድም ብቻ ነው፣ ቀሪው 1.1 ሚሊዮን ዋናው ገንዘብ። በዚያው ቀን ሎስ አንጀለስ ላይ የኦታኒ ሁለተኛው 68 ሚሊዮን ይወጣል።